ሲኞራ ስታቃስት

ባለፈው ኅዳር ዘመድ ልጠይቅ አሰላ ሄጄ፣ የተሳፈርኩበት መኪና ጎማ ተነፈሰና አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ወረድን። ሾፌሩና ጎሚስታው ጎማውን እያገላበጡ ሲከራከሩ እኔ ባሕር ዛፉ ሥር የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው በቤንዚን የተነከረውን ጨርቅ እግሬ አጠገብ ጣል አደረገው። የቤንዚኑ ሽታ፣ ፀሐይ ያሞቀው ጎማ፣ ከቤቱ ጀርባ ከሚወቃው ገብስ የሚመጣው የገለባ ሽታ አንድ ላይ ሆነው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገቡ፣ በመካከል ያለውን ዕድሜ ሁሉ ዘልዬ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቁጭ አልኩ። የጋሽ ዘውዴ ግቢ የሚሸተው ልክ እንዲህ ነበር።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መግቢያ ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ አሰላ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ ከፍቷል። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ ጎረቤታችን ናቸው። የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነበር፤ እሱም እኔን በጎን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ወጣትነታቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ አሳልፈው፣ ጎልማሳ ሲሆኑ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር አሰላ ከተሙ። ጣሊያን ጥሏት የሄደች አንዲት ትንሽ ጥቁር መኪናም ነበረቻቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት አግኝተው፣ ኩሱን ጠርገው፣ ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅመው ነፍስ የዘሩባት እሳቸው ናቸው። ክብ ክብ መብራቶቿ መነጽር ያደረገች የፈረንጅ ወይዘሮ ስለሚያስመስሏት ከተማው ሁሉ «ሲኞራ» ይላታል። በገበያ ቀን መንገደኛ ታደርሳለች፤ በሠርግ ቀን ሙሽራ ትጭናለች።

ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፦ ታወራለች። ትንጫጫለች፣ ታንኳኳለች፣ ታፏጫለች። እትዬ አስካለ «እኔ እዚህች ውስጥ ሁለተኛ አልገባም፣ ራሴን ታዞርብኛለች» ብለው ከማሉ ቆይተዋል።

እኔ ደግሞ በሰፈሩ የታወቅሁት በጆሮዬ ነበር። ወተት ሊገነፍል ሲል ከጓሮ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ እርምጃውን ከሌላው ሰው ለይቼ በር እከፍታለሁ። እናቴ «የድመት ጆሮ ነው ያላት» እያለች ለሰው ታወራልኛለች።

ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘውዴ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ሐያት! ነይ እስቲ፣ ያን ጆሮሽን አውሺኝ።»

ከፊት ወንበር፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እስከ ወፍጮ ቤቱ ነዱ። ከዚያ መኪናዋን አቁመው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠየቁኝ።

«ምን ትላለች?»

«ይዘንባል።»

«ምን?»

«በሩ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ስንታጠፍ ሽሽሽ ይላል።»

ፊቴን አተኩረው ሲያዩኝ ቆዩና «ጎበዝ!» አሉ።

አነጋገራቸው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችንም ስድስት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብሎ ሲጠይቀን መልሱ ጠፍቶት አልነበረም። ስለዚህ ጋሽ ዘውዴ እየፈተኑኝ ነው አልኩ። ፈተና ደግሞ እወድ ነበር።

ግቢ ተመለስንና በካቻቢቴ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈቱት። ከሥሩ ሁለት እፍኝ የሚሆን ገብስ ወጣ። ገበሬዎቹ ከገበያ ሲመለሱ ጆንያቸውን ታቅፈው መስኮቱ ጋ ስለሚቀመጡ፣ መስተዋቱ በሚገባበት ስንጥቅ ፍሬ ፍሬው ሲንጠባጠብ ከርሟል። ከታች ያለው በክረምቱ ዝናብ ርሶ በቅሎ ነበር፤ ጣቴን የሚያክል አረንጓዴ ቡቃያ። እትዬ አስካለ ከማድ ቤት ወጥተው አዩት።

«እንግዲህ መኪናው ውስጥ እርሻ ጀመርክ?»

ጋሽ ዘውዴ ሳቁ እንጂ አልመለሱላቸውም። ቡቃያውን እኔ ወስጄ በቆርቆሮ ተከልኩት፤ በነጋታው የእናቴ ዶሮ በላችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜዬ ሁሉ የሲኞራ ሆነ። ጎረቤት በዚያን ጊዜ ግማሽ ወላጅ ስለነበር እናቴ አልከለከለችኝም። በየሳምንቱ አንድ ድምፅ እናድናለን። አንዱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ጎማውን ተከትሎ የሚሮጥ ነበር፤ ስንፈጥን ይፈጥናል፣ ስንዘገይ ይዘገያል። የቸርኬው ክዳን ሲከፈት ውስጡ አንድ ጠጠርና አንድ ቀይ የኮት ቁልፍ ተገኘ። ቁልፉን እኔ ወረስኩት። ሌላው ፉጨት ነበር፤ እኔ ወፍ ነው ብዬ ተከራከርኩ፣ የተሰነጠቀ የመስኮት ጎማ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ዝም ባሰኘን ቁጥር ጋሽ ዘውዴ ኮፈኑን መታ መታ አድርገው «አንድ ተቀነሰ» ይሉኛል። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ መካኒክ ነኝ ብዬ አወራለሁ።

ያቃተን አንዱ ብቻ ነበር።

እሱን መጀመሪያ የሰማነው የገበያ ዕለት ከሮቤ የመጡ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ግዙፍ ሰው የተሳፈሩ ጊዜ ነው። ከኋላ ተቀምጠው ገና ከከተማው ሳንወጣ ሲኞራ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ «እምምምህህ» የሚል ድምፅ ወጣ። ታሞ የተኛ ሽማግሌ ጎኑን ሲያገላብጥ የሚያሰማው ዓይነት ማቃሰት ነበር።

«ኩን ማል?» አሉ ኦቦ ገመዳ ደንግጠው። «ይኼ ምንድነው? ከሥሬ ሰው አለ እንዴ?»

ጋሽ ዘውዴ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነዳሉ። ሁለተኛ ጉድጓድ መጣ፤ «እምምምህህ!» ኦቦ ገመዳ «ቢስሚላሂ!» ብለው በሩን መደብደብ ጀመሩ። መኪናዋ እስክትቆም እንኳ አልጠበቁም፤ ዘለው ወረዱና ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መንገዳቸውን በእግር ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ገበያ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነበር። ሲኞራ ጂኒ አለባት ተባለ። ሌሎች ደግሞ ጂኒ ሳይሆን እዚያው መኪና ውስጥ የሞተ የጣሊያን መኮንን ነው አሉ። እኔ ጣሊያኑን አመንኩ። ቆብ አድርጎ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ከወንበሩ ሥር ተጣጥፎ ይታየኝ ነበር። ስገባ ቁርኣን ቤት የተማርኩትን እቀራለሁ፤ ስወርድ ደግሞ እንዳይቀየመኝ ዝቅ ብዬ «ቻው» እለዋለሁ። ከጣሊያንኛ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

የሚገርመው፣ እኔና ጋሽ ዘውዴ ብቻችንን ስንሄድ ጣሊያኑ ትንፍሽ አይልም።

አንድ ቅዳሜ በዴራ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ፣ ጣሊያኑን በደንብ እንድሰማው ብዬ ከኋላ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ነበር። ከበስተጀርባችን የከባድ መኪና ክላክስ ሰማሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ያለማቋረጥ። ጋሽ ዘውዴ ግን መሐል መንገዱን ይዘው ቀጥለዋል።

«ጋሽ ዘውዴ፣ መኪና!» አልኩ። ዝም። «ጋሽ ዘውዴ! መኪና መጣ!» ዝም። ብድግ ብዬ የኮታቸውን ትከሻ ይዤ በሁለት እጄ ጎተትኩት። «ጥግ ያዝ! ጥግ ያዝ!»

ስፖኪዮውን ቀና ብለው አዩና መሪውን ጠመዘዙ። ሲኞራ ጥጉን ይዛ ሣር ላይ ወጣች፤ ያ ከባድ መኪና አቧራውን እየነፋብን በአጠገባችን ዘጭ እያለ አለፈ። ጋሽ ዘውዴ ሞተሩን አጠፉ። መሪውን እንደጨበጡ ወደ ፊት ብቻ ያያሉ።

እኔ የተቆጡኝ ስለመሰለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። «ያዝ» ብዬአቸዋለሁ። በሕይወቴ ትልቅ ሰውን አንተ ብዬ አላውቅም። እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ዞር ሲሉ እንባዬን አዩ። ወርደው የኋላውን በር ከፈቱና ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

«አንተ ስላልኩዎት።»

ከንፈሬን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሳቅም ልቅሶም የማይመስል ድምፅ አወጡ።

«እኔ እኮ አልሰማሁሽም፣ ሐያት። የግራ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል። የቀኙም አጠገቡ ሆነው ካልጮኹበት አይሰማም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ጮኸበት፣ ደከመው። አንቺን የምሰማሽ በዓይኔ ነው።»

መኪናዋን እያቆሙ፣ ፊታቸውን እያዞሩ የሚጠይቁኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። አንዱንም ድምፅ አያውቁትም ነበር። ፈታኝ አልነበሩም። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። ለካ መኪናዋን የማድናት የእውነት እኔ ነኝ!

«እትዬ አስካለስ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። እንዳትነግሪያቸው። አወቁ ማለት ቁልፉን ደበቁት ማለት ነው።»

«እኔ አልናገርም። ግን ያለ እኔ ሰው አያሳፍሩ።»

«ይሁን» አሉና እጄን እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ከኋላ መኪና ሲመጣ ክንዳቸውን መታ አደርጋለሁ።

በዚሁ መካከል የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሶፊያ፣ ሳጉሬ ለሚኖር እህል ነጋዴ ታጨች። ሶፊያ እኛው ቤት ያደገች ናት፤ ጋሽ ዘውዴ ከትንሽነቷ ጀምሮ «አንቺን ለባልሽ የማደርስሽ እኔ ነኝ» ይሏታል። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ከሳጉሬ መልእክተኛ መጣ። የሙሽራው አጎቶች የሲኞራን ወሬ ሰምተዋል። «ሙሽራዋን ጂኒ ባለበት መኪና አንቀበልም፤ በቅሎ እንልካለን» አሉ።

ሶፊያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አባቴ ሳሎን ሆኖ ጺሙን ያሻል። «ጋሽ ዘውዴን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» ይላል ለእናቴ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ሲያዳምጡኝ፣ ማለትም ሲያዩኝ፣ ፊታቸው ጭፍግግ አለ። ካቻቢቴያቸውን ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑን ዘጉት።

«እንግዲህ ሲኞራ አረጀች» አሉ።

ያን ቀን ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ጣሊያኑ ሲያቃስት እነማን ነበሩ? ኦቦ ገመዳ። ከዚያ ጥጃ የሚያክል በግ የጫነ ሰውዬ። ከዚያ እርጉዟ የፖሊሱ ሚስት። እኔ ስቀመጥበት ግን ዝም። ጣሊያኑ ሰው ሲከብደው ነው የሚያቃስተው! ሮጬ ሄድኩ። ግን ወደ ጋሽ ዘውዴ ሳይሆን ወደ ማድ ቤት፣ ወደ እትዬ አስካለ። በሰፈሩ እንደሳቸው ሞላ ያለ ሴት አልነበረም።

«እትዬ አስካለ፣ አንዴ ብቻ ሲኞራ ላይ ይቀመጡልኝ።»

«ምነው?»

«እርስዎ ከባድ ስለሆኑ።»

ማማሰያው እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስሚኝ ልጄ። ባለቤቴ ጆሯቸው እንደማይሰማ ታውቂያለሽ?»

ደነገጥኩ። ምስጢሩ ከአፌ ሳይወጣ እንዴት እንዳመለጠ አልገባኝም። «እኔ አልተናገርኩም!» አልኩ።

«አንቺማ አልተናገርሽም። እኔ ካወቅሁ አራት ዓመቴ ነው። እስኪነግሩኝ እየጠበቅሁ ነው። እንዳትነግሪያቸው።»

እንዲህ ሆኖ ባልና ሚስቱ እርስ በርስ የሚደባበቁትን አንድ ምስጢር ከሁለቱም ወገን ተሸክሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው «ተነስ፣ ንዳ» ብለው ከኋላ ተቀመጡ። እናቴም ለሶፊያ ስትል አጠገባቸው ገባች። እኔ በእግራቸው መካከል ወለሉ ላይ ተጋደምኩና ጆሮዬን ከወንበሩ ሥር ደቀንኩ። ጋሽ ዘውዴ ነገሩ ግራ እየገባቸው ነዱ። ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጉድጓድ ደረሰ።

«እምምምህህ!»

«ከእትዬ አስካለ ሥር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ከእኔ ሥር?» አሉ እትዬ አስካለ። እናቴ በሳቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ቦታ እንዲቀያየሩ አደረግኋቸው። እናቴ ቀጭን ናት፤ ጉድጓዱን ደግመን ስናልፍ ዝም። እንደገና አቀያየርኳቸው፤ «እምምምህህ!» ስለ ጣሊያኑ ፍርሃቴ ሁሉ ጠፍቶ በደስታ ወለሉን በጡጫ እደበድባለሁ።

መኪናዋ ቆመች። ወንበሩን አውጥተን ሣር ላይ ዘረጋነው። ከሥሩ በወፍራም ክር የተሰፋ አሮጌ ልጣፍ ነበር። እትዬ አስካለ በቢላ ስፌቱን ተረተሩት። ውስጡ የፈረስ ጭራ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ሞላ ተሰብሯል። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ የተሰበረውን ሞላ ለመደገፍ አንድ ነገር ወሽቆበታል። እትዬ አስካለ እጃቸውን ሰደው ጎተቱት። አፉ አረንጓዴ የዛገ የናስ ጥሩምባ ነበር፣ በእጅ እየተጨመቀ የሚነፋው የጥንቱ ዓይነት። የጎማ ፊኛው ስለተሰነጣጠቀ ክብደት ሲያርፍበት መጮህ አቅቶት ያቃስታል።

«ጣሊያኑስ?» አልኩ።

«ይኸው ጣሊያኑ!» አሉና አሳዩኝ እትዬ አስካለ። ከዚያ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ደፍነው፣ ወደ ባላቸው ቀኝ ጆሮ አስጠግተው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ጨመቁት።

«ቧቧቧ!»

ጋሽ ዘውዴ ዘለሉ። «ይኼንንስ ሰማሁት!» አሉ ፊታቸው በርቶ።

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ያሉት የገባቸው። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ አልተናገርኩም ለማለት ራሴን በኃይል ነቀነቅሁ።

«ልጅቷን አትያት» አሉ እትዬ አስካለ፣ ከንፈራቸውን ጉልህ አድርገው። «አንድ ትራስ ላይ ተኝተን እንዴት ይሰወረኛል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳታዝኚልኝ ብዬ ነዋ።»

«እኔ ላንተ? እኔ ያዘንኩት ለራሴ ነው! አራት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ሳወራ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ እትዬ አስካለ፣ ከዚያ ጋሽ ዘውዴ፣ ዓይናቸውን በቅባታም መዳፋቸው እያበሱ፣ ጉንጫቸው እስኪጠቁር ሳቁ። ሣሩ ላይ ያንን የተገለበጠ ወንበር ከበን ስንስቅ የወፍጮ ቤቱ ሰዎች እህላቸውን ትተው ሊያዩን ወጡ።

በሠርጉ ዕለት ሲኞራ በሐር ሪባን አጊጣ፣ ሶፊያ በቀይ ሻሽ ተሸፍና በእኔና በእናቴ መካከል ተቀምጣ፣ ወደ ሳጉሬ ወጣን። እትዬ አስካለ ከፊት፣ ባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸው የጋሽ ዘውዴ ትከሻ ላይ ነው፤ ከኋላ ክላክስ ሲሰሙ መታ ያደርጉታል። ቦታዬን ስለወሰዱብኝ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን በመንገዱ ግራ የጭላሎ ተራራ ያለ ደመና ቆሞ፣ ማሳው ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቢጫ ሆኖ፣ የአካባቢው ጎረምሶች ፈረስ እየጋለቡ ከጎናችን ሲሽቀዳደሙ ቅሬታዬን ረሳሁት።

ሳጉሬ ስንደርስ ሦስቱ የሙሽራው አጎቶች በቅሎ ይዘው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። አባቴ ሊያናግራቸው ከኋላችን ከመጣው ሌላ መኪና ሲወርድ፣ እትዬ አስካለ ቀደሙት።

«ግቡና ሞክሯት!»

ሶፊያን አውርደን ሦስቱ ሰዎች ገቡ። ከሦስቱ ቀጭን የሚባል አልነበረም። ጋሽ ዘውዴ ሠፈሩን አንድ ጊዜ በጉድጓድ በጉድጓዱ አዞሯቸው። ሲመለሱ ትልቁ አጎት ከወንበሩ ላይ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ እያለ ያዳምጥ ነበር። ወርዶ ልብሱን አራገፈ።

«የኔ አልጋ ከዚች ይበልጥ ይጮሃል» አለ። «ሙሽራችንን አምጧት!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሶፊያ በሻሿ ውስጥ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ስትስቅ ጥርሷ ይታየኝ ነበር።

ሠርጉ ገና ሳያልቅ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ጋሽ ዘውዴና እትዬ አስካለ ወደ አሰላ ሲመለሱ እኔን እነሱ ቤት እንዳድር ይዘውኝ ሄዱ፤ በማግስቱ ትምህርት ነበረኝ። ያ ሰፊ የኋላ ወንበር ለብቻዬ ሆነ። እንደ ልማዴ ጆሮዬን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ። ሞተሩ ያንኮራፋል፣ ሌላ ምንም የለም። ከፊት እትዬ አስካለ ባላቸው ቀኝ ጆሮ ላይ ተጠግተው ስለ ሠርጉ ምግብ ጮኸው ያወራሉ፤ ጋሽ ዘውዴ «እ? እ?» እያሉ ያስደግሟቸዋል። ሲኞራ ላይ ተሳፍሬ ምንም ሳላዳምጥ የተኛሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የነቃሁት አሰላ ደርሰን እነ ጋሽ ዘውዴ በር ላይ ስንቆም ነው። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም፤ ታቅፎ መግባት ፈለግሁ። ጋሽ ዘውዴ ቀስ ብለው አነሱኝ። ጎረቤቶቹ ሠርጉ እንዴት ነበር ለማለት መሰባሰብ ጀምረዋል፤ ገና ጀንበር አልጠለቀችም። ጋሽ ዘውዴ የሚያንሾካሹኩ መስሏቸው፣ የአሰብ መንገድ ላይ ከመኪና ወደ መኪና በሚጠራሩበት ድምፅ፣ ሰፈሩን ሁሉ አናወጡት፦

«ቀስ በሉ! ዝም በሉ! ልጅቷ ተኝታለች!»